አላቢው ሁለት ጊዜ ያለበበት ቀን

ሰውየው በሕይወቱ አንድም ቀን እውነተኛ ላም አልቦ አያውቅም። የላም ጡት ቢያሲዙት ላሟም እሱም እኩል ይደነግጣሉ። ሆኖም በሆስፒታሉ ውስጥ ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ዋናው ሐኪም ድረስ ስሙ «አላቢው» ነው። በመዝገብ ስሙ ጠርታችሁ ብትፈልጉት «እንደዚህ የሚባል ሰው እዚህ አይሠራም» ብለው ይመልሷችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ደረጃውን ወርደው ወደ ግራ ሲታጠፉ፣ ወፍራም በር ያላት ጠባብ ክፍል አለች። በክፍሏ ጠረጴዛ ላይ በእርሳስ ጡብ ታጥራ የቀለም ቆርቆሮ የምታህል፣ ግን ሁለት ጎረምሳ የምታስቃስት ከባድ ዕቃ ቁጭ ብላለች። በወረቀት ስሟ ጀነሬተር ነው፤ መብራት ግን አታበራም። ሥራውን የሚያውቁት ሁሉ «ላሟ» ይሏታል። በሆዷ ሞሊብዲነም የሚባል ነገር ይዛለች። ይህ ሞሊብዲነም አርፎ አይቀመጥም፤ ከውስጡ እየተለወጠ፣ እየተለወጠ ቴክኒሺየም የሚባል ሌላ ነገር ይሆናል። ጠዋት በአንድ በኩል የጨው ውሃ ያለበት ብልቃጥ ይሰካል፤ በሌላው በኩል አየሩ የተመጠጠ ባዶ ብልቃጥ። ባዶው ብልቃጥ ውሃውን በላሟ ሆድ በኩል ስቦ ሲያሳልፈው፣ ውሃው እናትየውን እዚያው ትቶ ልጁን ብቻ አጥቦ ይዞ ይወጣል። ወተቱ ይኸው ነው። ሲያዩት ከቧንቧ ውሃ አይለይም። ግን በመርፌ ሰው ደም ውስጥ ከገባ ካሜራ ከውጭ ቆሞ የሰውየውን አጥንት፣ ኩላሊት፣ ልብ ያይበታል።

ይህን ወተት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለበው እሱ ነው።

ወደዚያች ክፍል ያስገባው ዲግሪ እንዳይመስላችሁ። ያስገባው የልብስ ቁልፍ ነው! በሠላሳ ዓመቱ የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ነበር። ከሕሙማን ልብስ እየተበጠሰ የሚወድቀውን ቁልፍ መጣል አይሆንለትም፤ በአንድ ቆርቆሮ ያጠራቅማል። አንድ ቀን የምድር ቤቱ የፊዚክስ ባለሙያ፣ ያኔም ቢሆን ሁሉም «ሽማግሌው» የሚለው፣ ጋውኑን ሊወስድ መጣና ቆርቆሮውን አየ።

«ይሄን ሁሉ ምን ልታደርገው ነው?»

«ባለቤቱ አንድ ቀን ይመጣል ብዬ ነዋ።»

«በል እስቲ ዘጠና ዘጠኝ ቁጠርልኝ። አርባ ሁለት ነጭ፣ ሃምሳ ሰባት ጥቁር።»

አጣቢው ነገሩ ባይገባውም ቆጠረ። ሽማግሌው ቁልፎቹን በመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ በአንድ ላይ ከመራቸው።

«ይሄ የአንድ አቶም አስኳል ነው እንበል። ኒውክሊየስ የሚሉት፣ መሀል ላይ የተቋጠረው። ነጮቹ ፕሮቶን ናቸው፣ ጥቁሮቹ ኒውትሮን። ስም የሚያወጣው ነጩ ነው። አርባ ሁለት ነጭ ካለህ ሞሊብዲነም ነህ፣ አለቀ። ግን እዚህ ጥቁሩ በዛ፤ አስኳሉ አላርፍ አለ።» አንዱን ጥቁር ቁልፍ አነሣና በምትኩ ነጭ አስቀመጠ። ከጋውኑ ጫፍ ትንሽ ክር መዘዘና እፍ አላት። «ኒውትሮኑ ፕሮቶን ሆነ። ሲሆንም ኤሌክትሮን፣ ይቺን ክር የመሰለች፣ ወርውሮ አባረረ። ሌላም አብራ የምትወጣ ትንሽዬ ነገር አለች፤ እሷን እኔም አይቻት አላውቅም፣ ተዋት። አሁን ቁጠር።»

ቆጠረ። ዘጠና ዘጠኝ። አንድም አልጎደለም። ነጩ ግን አርባ ሦስት።

«እንግዲህ ሞሊብዲነም የለም» አለ ሽማግሌው እጁን እያራገፈ። «ቴክኒሺየም ሆነ። ሌላ ፍጥረት!»

አጣቢው ደግሞ ቆጠረ። ስንት ዓመት አንሶላ ሲያጥብ አንሶላው አንሶላ ሆኖ ነው የሚወጣው። «መቼ ነው የሚለወጠው?»

«አንዱን ለይተህ ከጠየቅከኝ አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። ብዙውን በጅምላ ከጠየቅከኝ ግን በስልሳ ስድስት ሰዓት ግማሹ ይለወጣል። ከቀረው ደግሞ በሌላ ስልሳ ስድስት ሰዓት ግማሹ። ግማሽ ዕድሜ ይሉታል።»

«ቢቀቀልስ?» አጣቢው በዚያ ዘመን የፈላ ውሃ የማይፈታው ችግር አለ ብሎ አያምንም ነበር።

«ቢቀቀልም።»

«በበረኪናስ?»

«በበረኪናም!» ሽማግሌው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «አስኳሉ ጋ የሚደርስ እሳት የለህም፣ ወንድሜ። አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ማንም አያዘውም።»

በወሩ አጣቢው ወደ ምድር ቤት ተዛወረ። ሽማግሌው ጡረታ እስኪወጣ ዘጠኝ ዓመት አጠገቡ አቁሞ አስተማረው፤ ፈተናም አስፈተነው፣ ወረቀትም አስያዘው። አላቢው እስከዛሬ የሽማግሌው ነገር ሲነሳ «ያ ሰው ቁልፍ ባይቆጥርልኝ ኖሮ» ብሎ ይጀምርና ዓረፍተ ነገሩን አይጨርሰውም። ሚስቱ ስልክ ቤት ትሠራለች፤ ሳቅ አታጣም። «እኔን ያገባኝ ቀን እንኳ እንዲህ አላመሰገነም» ትላለች። እውነት ነው። ግን እሷንም ያመሰግናል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ንጋት ላይ ቀሰቀሰችው፣ አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም፣ አንድም ቀን ወተት አበላሽቶ አያውቅም።

እስከዚያች ቀን ድረስ ማለት ነው።

የዚያን ዕለት ላሟ አርጅታለች። ከመጣች አስር ቀን ሆኗታል፤ ሲያመጧት ከነበራት ጉልበት ከመቶው ስምንት እጅ ቢቀራት ነው። አዲሷ ላም የምትደርሰው ከአራት ቀን በኋላ። ደግነቱ በቀጠሮ ያለችው ሴት አንዲት ብቻ ናት፦ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር፣ አርባ አራት ዓመቷ። ጡቷ ላይ እጢ ተገኝቶባታል። ከወር ወዲህ ደግሞ ግራ ዳሌዋን ያማታል። እጢው ወደ አጥንት ሄዶ ከሆነ ቀዶ ጥገናው ይቀርና ሌላ ረጅም መንገድ ይጀመራል፤ ካልሄደ ወዲያው ይወጣላታል። ይህን የሚለየው የአጥንት ምስሉ ነው። ሐኪሞቹ ደግሞ ስለ እሷ የሚወስኑት ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ቀዶ ሐኪሙ በወር አንዴ ብቅ የሚል እንግዳ ስለሆነ፣ ነገ ያልተወሰነላት ወር ትጠብቃለች።

አላቢው ሁለት ሰዓት ላይ አለበ። የጨረሩን ኃይል የሚለካው መለኪያ ሃያ ሰባት አለ፤ ለአንድ ሰው ሃያ ይበቃል። ደስ አለው፣ «ጎሽ እናቴ» አላት ላሟን እንደ ልማዱ። ቀጥሎ ወተቱን ከዱቄት ጋር ማዋሃድ ነው። ወተቱ ብቻውን የትም ይሄዳል፤ መንገድ የሚያሳየው ዱቄቱ ነው። የአጥንት ዱቄት ወደ አጥንት ይወስደዋል፣ የኩላሊት ዱቄት ወደ ኩላሊት። ሁለቱም ዱቄቶች በአንድ ዓይነት ትንሽ ብልቃጥ፣ በአንድ ዓይነት ግራጫ ክዳን ነው የሚመጡት። አላቢው የነገውን ዱቄት ዛሬ ማታ ከእርሳሱ መከለያ በስተግራ አስቀምጦ የመሄድ ልማድ አለው። ትናንት ግን ለአንዲት ሕፃን የኩላሊት ዱቄት አውጥቶ ነበር፤ ሕፃኗ ትኩሳት ይዟት ቀጠሮው ተሰረዘ፤ ብልቃጡም በስተግራ እንደተቀመጠ ቀረ፤ የአጥንቱም ከፍሪጅ ሳይወጣ።

እጅ ሃያ ሁለት ዓመት ከለመደ ዓይንን አይጠይቅም። በመርፌ ሃያ ሰባቱንም ሳበ፤ ወደ ግራ ዘረጋ፤ ጨመረው፤ ነቀነቀው። ከዚያ ወረቀት ሊለጥፍበት ብልቃጡን ወደ መብራቱ አዙሮ ጽሑፉን አነበበ።

ኩላሊት።

ደግሞ አነበበ። ያው ኩላሊት።

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። የተዋሃደ ወተት አይመለስም። ላሟ ደግሞ አሁን ታልባ ባዶ ናት። ውጭ በአግዳሚው ወንበር ላይ ሴትየዋ ከታላቅ እህቷ ጋር ቁጭ ብላለች፤ ድምጿ በወፍራሙ በር አልፎ ይሰማል፣ ስለ አንድ ተሳፋሪ እያወራች።

ጥሩ ሰው ነው አላቢው፤ ግን ሰው ነው። ለአንድ ደቂቃ ያህል «ብልቃጡ አየር ገብቶበታል» ለማለት አሰበ። «ላሟ አርጅታ ደረቀች» ማለትም ይቻላል፤ ማን ሆዷን ከፍቶ ያያል? ሃያ ሁለት ዓመት ንጹሕ የሆነ ስም ከነክብሩ ይቀመጥ ነበር። እንዲህ ቢል ግን ሴትየዋን ወደ ቤት ይሸኟታል፤ ለወር። ያን ጊዜ ዓይኑ ላሟ ላይ አረፈ። እሱ እዚህ ተቀምጦ ሲያፍር እሷ መቼ ቆመች? በሆዷ ውስጥ፣ በዚችው ደቂቃ፣ አንዱ አስኳል አርባ ሁለት የነበረው አርባ ሦስት እየሆነ ነው። ሌላውም። ሌላውም። የእሱ ስህተት እዚያ አልደረሰም። ማንም አያዘውም ብሎ የለ ሽማግሌው!

ብድግ ብሎ ወደ ዶክተሯ ቢሮ ሄደ። ዶክተሯ የክፍሉ ኃላፊ ናት፤ በዕድሜ ታንሰዋለች።

«ዶክተር፣ አበላሸሁ።»

«ምኑን?»

«ወተቱን። ኩላሊት ውስጥ ጨመርኩት። ሙሉውን።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «አንተ? ጋሼ፣ አንተ?»

«እኔ።» ከስድብ የባሰ ነበር ያ «አንተ?» የሚለው። «ግን ዶክተር፣ ላሟ እየሞላች ነው። ቴክኒሺየሙ ግማሽ ዕድሜው ስድስት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በስድስት ሰዓት ውስጥ ከዛሬ ጠዋቱ ግማሹን አለፍ ያለ ትሰጠናለች። ስምንት ሰዓት ላይ አልባለሁ። አስራ አምስት፣ አስራ ስድስት አላጣም።»

«የሚያስፈልገን ሃያ ነው።»

«ካሜራውን ረዘም አድርገን እናቆየዋ። ሃያ ደቂቃው ሠላሳ ይሁን። የጎደለውን በትዕግሥት እንሙላው።»

ዶክተሯ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረገች፤ አሰላች፤ ደግማ አሰላች። «ስምንት ሰዓት አልበህ፣ ስምንት ተኩል ወጋናት፣ አጥንቷ ላይ እስኪሰፍር ሦስት ሰዓት፣ አስራ አንድ ተኩል ካሜራ... ይደርሳል። እኔም እቆያለሁ።» ቀና አለች። «ለሷ የምትነግራት ግን አንተ ነህ።»

ሾፌሯ ትልቅ ሴት ናት፤ አግዳሚውን ሁለት ሦስተኛ ይዛዋለች። እህትየው በቀረው ጠርዝ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች።

«እህቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ ጀመረ አላቢው። «የእርስዎን መድኃኒት...»

«አንቺ በለኝ ወንድም ዓለም። እርስዎ ሲሉኝ ተቆጣጣሪ የመጣ ይመስለኛል።»

«መድኃኒትሽን አበላሸሁት። የኔ ጥፋት ነው፤ የማሽኑም የማንም አይደለም። ሌላ እስኪሞላ ስድስት ሰዓት መጠበቅ አለብን።»

ሾፌሯ ዓይኗን አፈጠጠች። «ስድስት ሰዓት! እኔ ስድስት ደቂቃ ባረፍድ ሕዝቡ በሩን በቡጢ ይነርተዋል፣ አንተ ስድስት ሰዓት ትለኛለህ?»

«ተይው እንጂ» አለች እህትየው።

«ምን እተወዋለሁ እትዬ! ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።» ድምጿ ተሰበረና መለሰችው። «ገፋ አይደረግም? ትንሽ ቢነቀነቅ፣ ቢሞቅ?»

አላቢው ሳያስበው ሳቀ። «እኔም የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ይህንኑ ጠይቄ ነበር። በበረኪና ሁሉ። አይገፋም። ግን አይቆምም፤ ይሄ ነው ደግነቱ። አሁን እኔና አንቺ ስንጨቃጨቅ እየሞላ ነው።»

«ምኑ ነው የሚሞላው?»

ተቀምጦ ነገራት። ሻይ አስመጣ፤ እህትየው ከቦርሳዋ ዳቦ አወጣች፤ እሱ ስለ አስኳሉ፣ ስለ ፕሮቶንና ኒውትሮን ሲያወራ ሾፌሯ ግንባሯን ቋጥራ ሰማች። ንዴቷ ወዴት እንደሄደ እሷም አላወቀችም፤ ሰው የሚወደውን ነገር ሲያወራ ማዳመጥ ሳያደክም ያሳርፋል መሰለኝ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» አለች በመጨረሻ። «ዘጠና ዘጠኝ ተሳፋሪ ጭኛለሁ።»

«ትርፍ ነው» አለች እህትየው።

«ዝም በይ እትዬ፣ አቶም ነው። ዘጠና ዘጠኝ ተሳፋሪ ጭኛለሁ። ከመሀል አንዱ ጥቁር ሸሚዙን አውልቆ ነጭ ለበሰ። የወረደም የተሳፈረም የለም። አርባ ሁለት የነበረው ነጭ ለባሽ አርባ ሦስት ሆነ፤ እና መስታወቱ ላይ ያለው የመስመር ቁጥር ከአርባ ሁለት ወደ አርባ ሦስት ተቀየረ። አውቶቡሱ ያው፣ ሰዉ ያው፣ መሄጃው ሌላ!»

አላቢው ጭኑን መታ። «እኔ ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ አሳጥሬ ተናግሬው አላውቅም!»

«ታዲያ ካሜራው ምኑን ነው የሚያየው?»

«አርባ ሦስት ሆኖ ሲወለድ ገና አልረጋም። ትርፍ ጉልበት ይዟል። ያንን ጉልበት በጋማ ጨረር አድርጎ ይጥልና ይረጋል። ያኔ ቁጥሩ አይለወጥም፤ አርባ ሦስት እንደሆነ ይቀራል።»

«ገባኝ። መስመሩ ያው ነው፤ ሾፌሩ ግን ጡሩምባ ነፋ። ካሜራው ጡሩምባውን ይሰማል።»

«አቤት!» አለ አላቢው።

እንዲህ እያሉ ሰዓቱ ሄደ። በመሀል ሾፌሯ ሁለት ጊዜ ግድግዳው ላይ አፈጠጠች፤ ሁለቱንም ጊዜ እህትየው እጇን ያዘቻት፤ አላቢው ደግሞ ብርጭቆዎቹን ለማጠብ ብሎ ዞር አለላቸው። አንዴ «ጋሼ» አለችው ከሄደበት ሲመለስ፤ ከወንድም ዓለም ወደ ጋሼ መቼ እንዳሳደገችው አላስተዋለም። «ጠዋት ዝም ብለህ "ማሽኑ ተበላሸ፣ ነገ ነይ" ብትለኝ ኖሮ አምኜህ እሄድ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ምነው ታዲያ?»

«እሷ ሥራዋን ሳታቆም እኔ ላቁም?» አለ በአገጩ ወደ ክፍሉ እየጠቆመ። ቀልድ አስመስሎ ነው የተናገረው፤ ግን ከልቡ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ገባ። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ያደረገው የአጥንቱን ዱቄት ከፍሪጅ አውጥቶ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው፤ «አጥንት!» ደግሞ አነበበ፤ ዶክተሯም አጠገቡ ቆማ አነበበች፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ፊደል እንደሚቆጥሩ ተማሪዎች። የጨው ውሃውን ሰካ፣ ባዶውን ብልቃጥ ሰካ። ውሃው ሲሳብ ፍልቅ፣ ፍልቅ እያለ ተሰማ። ብልቃጡን በእርሳስ ማቀፊያው አድርጎ ወደ መለኪያው ወሰደው። ቁጥሩ ወጣ፣ ወረደ፣ ቆመ።

አስራ ስድስት።

«አስራ ስድስት!» ብሎ ጮኸ። ዶክተሯ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ሃያ አይደለም፤ አስራ ስድስት ነው፤ ግን ጠዋት ዜሮ ከነበረ ሆድ የመጣ አስራ ስድስት። በልቡ ለሽማግሌው፣ ለሚስቱ፣ ለላሟ፣ በሆዷ ላሉት ለእያንዳንዳቸው ሸሚዝ ቀያሪዎች ምስጋና አቀረበ። ስንት እንደሆኑ ቆጥሮ አይዘልቃቸውም፤ ስለዚህ በጅምላ አመሰገናቸው።

ሾፌሯ ተወጋች። ሦስት ሰዓት ውሃ ጠጣች። አስራ አንድ ተኩል ላይ በጠባቡ አልጋ ላይ ተጋደመች፤ ካሜራው ከላይና ከታች ሆኖ ከራሷ ጀምሮ በዝግታ ወደ እግሯ ተጓዘ። ሠላሳ ደቂቃ። አላቢው ከመስታወቱ ጀርባ ቆሞ ምስሉ በነጥብ በነጥብ ሲሞላ አየ፦ የራስ ቅል፣ የጎድን አጥንት፣ አከርካሪ። ንጹሕ። ንጹሕ። ዳሌው ጋ ሲደርስ ግን በግራ በኩል አንድ ቦታ ከሌላው ይልቅ ደመቀ።

ዶክተሯ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። የቀድሞውን የራጅ ፎቶ አመጣች፤ ከጎኑ አስቀመጠች። አጎላችው፤ በሌላ በኩል አዞረችው። አላቢው እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ አወጣው። በዚያች ክፍል ውስጥ እንደዚያች አምስት ደቂቃ ረዝማ ያለፈች ደቂቃ የለችም።

«ነይ፣ ተቀመጪ» አለቻት ዶክተሯ ሾፌሯን፣ ለብሳ ስትወጣ። «አውቶቡስሽ በእጅ ማርሽ ነው?»

«አዎ። ምነው?»

«ስንት ዓመት ነዳሽ?»

«አስራ ዘጠኝ።»

«እዚህ የደመቀው መገጣጠሚያው ጠርዝ ላይ ነው። በራጁም ላይ ያው ቦታ ተበልቶ ይታያል። በግራ እግርሽ ፍሪሲዮን ስትረግጪ የኖርሽበት ነው፤ ድካም ነው። እጢው ወደ አጥንት አልሄደም።»

እህትየው ተቀምጣ ሳለች ወንበር ፈለገች።

«ድገሚልኝ» አለች ሾፌሯ።

«አልሄደም። ነገ ለሐኪሞቹ እኔው እነግራቸዋለሁ፤ በዚህ ሳምንት ያወጡልሻል።»

«አንዴ ደግሞ።» ከዚያ ወደ አላቢው ዞረች። «አይ፣ እሱ ይንገረኝ። ጠዋት ክፉውን የነገረኝ እሱ ነው።»

ውጤት መናገር የአላቢው ሥራ አይደለም፤ በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም። ወደ ዶክተሯ አየ። ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀችለት።

«እህቴ» አለ። «አልሄደም። አጥንትሽ ደህና ነው።»

ሾፌሯ ሁለት እጁን ይዛ ግንባሯን ጣቶቹ ላይ አሳረፈች፤ እሱም ከእሷ ባልተናነሰ ማልቀሱን አላፈረበትም።